ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ እና የሌለው መገጣጠሚያ



የሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻችን ገና ግቢ እንደገቡ ከሚሸመድዷቸው ነገሮች አንዱ የመገጣጠሚያ ዓይነቶች ናቸው። የትኛው አጥንት ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛውስ ፈጽሞ እንደማይነቃነቅ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ይሰጣቸዋል፤ ለፈተና ይይዙታል፤ ያልፋሉ። የአዋቂ ሰው የታችኛው መንጋጋ አንድ ወጥ አጥንት ነው የሚለው መስመርም እዚያው ውስጥ አለ፤ ማንም ቆም ብሎ አያየውም። ከ800 ዓመት በፊት ግን የሕክምና ተማሪ የሚማረው ሌላ ነበር። መንጋጋው አገጭ ላይ የሚገናኙ ሁለት አጥንቶች ነው ይባል ነበር፤ ይህን ያለው ደግሞ ጋለን ስለሆነ የሚጠራጠር አልነበረም። ነገሩን በዓይናቸው አይተው እንዲህ አይደለም ያሉት ሰው ሐኪም ብቻ ሳይሆኑ የነሕው፣ የፊቅህና የሐዲስ ሰው ነበሩ። ሙወፈቁዲን ዐብዱለጢፍ ኢብን ዩሱፍ አል-ባግዳዲ ይባላሉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

የተወለዱት በ557 ሂጅራ (1162 እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ፣ በአያታቸው ቤት ነው። አባታቸው ዩሱፍ የዒልም ሰው ስለነበሩ ልጃቸውን ከጨቅላነቱ ጀምሮ ሐዲስ ወደሚነበብበት መጅሊስ ይወስዱት ነበር። ዐብዱለጢፍ ስለራሳቸው በጻፉት ታሪክ ላይ ጨዋታ የሚባል ነገር ሳያውቁ እንዳደጉ ያወሳሉ። ቁርኣንን ሐፈዙ፤ ከዚያ የነሕውና የቋንቋ ኪታቦችን፣ የአል-ሐሪሪን መቃማትና የአል-ሙተነቢን ግጥሞች ቃል በቃል ያዙ።

ትንሽ ከፍ ሲሉ አባታቸው በዘመኑ ስመ ጥር ወደነበሩት የነሕው ሸይኽ ወደ ከማሉዲን አል-አንባሪ ወሰዷቸው። ሁለቱ ሰዎች በኒዛሚያ መድረሳ ፊቅህ ሲማሩ የተዋወቁ ጓደኛሞች ነበሩ። ሸይኹ የአንድ ኪታብ መግቢያ ሲያብራሩ ልጁ ቁጭ ብሎ አዳመጠ፤ አንዲት ነገር ግን አልገባውም። በዙሪያው ያሉት ተማሪዎች በሸይኹ ንግግር ይደነቃሉ፤ እሱ ደግሞ ያፈጣል። ሸይኹ ነገሩን አይተው ሕፃን ማስተማር እንደማይሆንላቸው ተናገሩና ወደ ተማሪያቸው ወደ አል-ወጂህ አል-ዋሲጢ ላኩት። አል-ወጂህ ዓይነ ስውር ነበሩ። ልጁን ከጠዋት እስከ ማታ አብረውት እየዋሉ ያስጠኑት ጀመር፤ መስጂድ ውስጥ ያስተምሩታል፣ መንገድ ላይ ሲሄዱ ይጠይቁታል፣ ቤት ሲገቡ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የሚይዙትን ኪታብ አብሯቸው ይይዛል። ከዚያ አብረው ወደ ከማሉዲን ይሄዱና አል-ወጂህ የራሳቸውን ደርስ ሲያሰሙ ልጁ ያዳምጣል። በመጨረሻ ተማሪው በመሐፈዝም በመረዳትም አስተማሪውን ቀደመ። በኋላ ስለ ማየት ብዙ የሚናገሩት ሰው የመጀመሪያውን ዕውቀት ያገኙት ከማያይ መምህር መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

በ585 ሂጅራ ገና ሠላሳ ሳይሞላቸው ባግዳድን ለቀው ወጡ። መጀመሪያ ሞሱል፣ ከዚያ ደማስቆ፣ ከዚያም ሰላሑዲን አል-አዩቢ ከመስቀለኞቹ ጋር በሚፋለሙበት በዐካ ዳርቻ ወደነበረው የጦር ሰፈር ዘለቁ። እዚያ የሱልጣኑን ታላቅ ጸሐፊ አል-ቃዲ አል-ፋዲልን አገኙ። ግብፅ ለመሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ያጻፉት ከሳቸው ነው። ለጉዞው የነበራቸው ምክንያት ደስ ይላል፤ በካይሮ ሊያገኟቸው የፈለጓቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በምትሃት የታወቀ ያሲን የሚባል ሰው ነበር፤ ሲያገኙት አጭበርባሪ ሆኖ አገኙት። ሁለተኛው አይሁዳዊው ሐኪም ሙሳ ኢብን መይሙን ነበር፤ ዕውቀቱን አደነቁ፣ ለሥልጣንና ለባለሥልጣናት ያለውን ቅርበት ግን አልወደዱለትም። ሦስተኛው አቡልቃሲም የሚባሉ ሸይኽ ሲሆኑ፣ ዐብዱለጢፍ የሚፈልጉትን ያገኙት እሳቸው ዘንድ ነው።

ከመስቀለኞቹ ጋር ዕርቅ ሲወርድ ተመልሰው ሰላሑዲንን በቁድስ አገኟቸው። ሱልጣኑ የከተማዋን ቅጥር እያሠሩ፣ አልፎ አልፎም ድንጋይ በትከሻቸው እየተሸከሙ፣ ማታ ማታ ደግሞ ዑለማዎችን ሰብስበው ሲያወያዩ እንዳዩ ጽፈዋል። በወር 30 ዲናር ተቆረጠላቸው፤ በኋላ የሱልጣኑ ልጆች ጨምረውላቸው 100 ደረሰ። ሰላሑዲን ካረፉ በኋላ ከልጃቸው ከአል-ዐዚዝ ጋር ወደ ግብፅ ሄዱ። ካይሮ ላይ ጠዋት በአዝሃር መስጂድ ያስተምራሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ሕክምና ሊማሩ ለሚመጡት ያነባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ አዝሃር ተመልሰው ለሌሎች ደርስ ይሰጣሉ፤ ሌሊቱ ለራሳቸው ጥናት ነው።

ሰውየውን መልአክ አድርጎ ማቅረብ አልፈልግም። ታሪካቸውን የጻፉት የሐኪሞች ታሪክ ጸሐፊው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ፣ አያታቸው የዐብዱለጢፍ ወዳጅ፣ አባታቸውም ተማሪያቸው ነበሩ፤ ራሳቸውም በስተርጅና ደማስቆ ላይ አይተዋቸዋል። ሰውነታቸው ቀጭን፣ ቁመታቸው መካከለኛ፣ አነጋገራቸው ያማረ ነበር ይላሉ። ግን በዘመናቸው የነበሩትንም ሆነ ካለፉት ብዙዎቹን ዝቅ አድርጎ የማየት ጠባይ እንደነበራቸው ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ኢብን ሲናን በተለይ አይምሩትም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ጋለን ምን አለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ወደዚያው እንሄዳለን።

በ596 ሂጅራ (1200 እ.ኤ.አ.) የዓባይ ጎርፍ ጠፋ። የግብፅ ሕይወት ያን ጊዜ በየዓመቱ በክረምት በሚሞላው ወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ አብዛኛው የጎርፍ ውሃ ደግሞ የሚወርደው ከኛው ደጋ ነው። ወንዙ በመለኪያው ዓምድ ላይ 16 ክንድ ያህል ሲደርስ ገበሬው ይተነፍሳል። በዚያ ዓመት የቆመው 12 ክንድ ከ21 ጣት ላይ ነበር። በማግስቱም ዓመት ሳይሞላ ቀረ። ሰዎች ከገጠር ወደ ካይሮ ጎረፉ፤ የሞተ ከብት፣ ውሻ፣ ከዚያም አልፎ ለመጻፍ የሚከብድ ነገር በሉ። ዐብዱለጢፍ ያዩትን ሁሉ ጽፈውታል፤ ደካማ ልብ ያለው ያንን ምዕራፍ ባያነበው ይሻላል። በካይሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው ሟች ብቻ በ22 ወር ውስጥ ወደ 111,000 ይጠጋ ነበር፤ ሳይመዘገብ በየመንገዱ የቀረውን አላህ ይወቀው።

በዚሁ ጊዜ ዐብዱለጢፍ ሕክምና የሚያስተምሯቸው ተማሪዎች የጋለን የአካል አወቃቀር ኪታብ ላይ ደረሱ። ኪታቡ ከበዳቸው። መምህሩም ለማስረዳት ተቸገሩ፤ ቃል የዓይንን ያህል ሊያሳይ አይችልምና። ሰዎች አል-መቅስ በሚባለው የካይሮ ዳርቻ በረሃብ ያለቁ ሰዎች አጥንት የተከመረበት ጉብታ እንዳለ ነገሯቸው። ሄዱ። ዐብዱለጢፍ ያዩትን ከ20,000 ሰው በላይ ይሆናል ብለው ገመቱ፤ አንዳንዱ ገና በቅርብ የሞተ፣ አንዳንዱ አጥንቱ ብቻ የቀረ። ማንም አልቆፈረም፣ ማንም ቢላ አላነሳም፤ ቀባሪ ያጡ ሰዎች ነበሩ። መምህርና ተማሪዎች በመካከላቸው እየተዘዋወሩ የአጥንቱን ቅርጽ፣ መገጣጠሚያዎቹን፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የሚገናኝበትን መንገድና መጠናቸውን መመልከት ጀመሩ። ይህን ስናነብ ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ምን ይባላል! ያ ትምህርት የተገኘው በእነዚያ ሰዎች ሞት ነው።

አሁን ያዩትን ለመረዳት መገጣጠሚያ ምን እንደሆነ ትንሽ እንቆይበት። አናቶሚ ለማይማሩት እህት ወንድሞች፣ ነገሩ በሦስት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። አንደኛው አጥንትና አጥንት በጠንካራ ጭረት የተያያዙበት ነው፤ የራስ ቅል አጥንቶች እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሰካኩ የሚገናኙበት ስፌት ከዚህ ነው። አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው በመካከላቸው ልም አጥንት ገብቶ የሚያያይዛቸው ነው፤ የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ የሚገናኙበትና የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚጋጠሙበት እንዲህ ነው። ጥቂት ይላወሳል። ሦስተኛው ጉልበት፣ ክርን፣ ትከሻ የምንላቸው ናቸው። እዚህ የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳ ልም አጥንት ይሸፈናል፤ ዙሪያውን እንደ ከረጢት ያለ ሽፋን ይይዘዋል፤ ከረጢቱ ውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያንሸራትት ፈሳሽ አለ፤ ከውጭ ደግሞ ጅማት ያጠብቀዋል። በነፃነት የሚንቀሳቀሱት እነዚህ ናቸው።

በአረፋ ቀን በግ ያረደ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። የኋላውን ታፋ ለመለየት የዳሌውን መገጣጠሚያ ፈልጎ ጅማቱን መቁረጥ ግድ ነው፤ ክብ ራስ ያለው አጥንት ከጎድጓዳ ቤቱ ወጥቶ ይታያል። ወርቹን ሲያነሳ ግን ቢላው አጥንት ሳይነካ ሥጋ ለሥጋ ይሄዳል። በግ፣ በሬና ፈረስ እንደኛ ትከሻን ከደረት ጋር የሚያያይዝ አጥንት የላቸውም፤ የፊት እግራቸው ከግንዳቸው ጋር የተያያዘው በጡንቻ ብቻ ነው። (የመገጣጠሚያ ነገር ሲነሳ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የ360 መገጣጠሚያ ሐዲስ ትዝ የሚለን ብዙ ነን። ቁጥሩን ከመማሪያ መጽሐፍ ሰንጠረዥ ጋር ለማስታረቅ ሲደክሙ የማያቸው ወንድሞች አሉ፤ እኔ ድካሙ አይታየኝም። ሐዲሱ የሚያስተምረን በየመገጣጠሚያችን ልክ ያለብንን ሰደቃ ነው።)

ወደ መንጋጋ እንመለስ። የበግ ወይም የፍየል ጭንቅላት በደንብ ከተቀቀለ በኋላ የታችኛውን መንጋጋ አውጥታችሁ ሁለቱን ጎኖች ሳብ ብታደርጓቸው፣ የፊት ጥርሶቹ መሐል ላይ ለሁለት ይለያያል። እዚያ ላይ መገጣጠሚያ አለ፤ ዕድሜ ልኩን አጥንት ሆኖ አይደፈንም። በውሻና በበሬም እንዲሁ ነው። በፈረስና በአሳማ ግን ገና በለጋነታቸው ይደፈናል። ጋለን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ላይ የሠራ ሐኪም ነው፤ የሰው ሬሳ መክፈት በማይቻልበት ዘመን ስለኖረ ጦጣ፣ አሳማ፣ ፍየል፣ በሬ እየከፈተ ነው የጻፈው። የሰውም መንጋጋ ከሁለት ነው ማለቱ ከእንስሳት የተወሰደ ነው ብለው ብዙዎች ያምናሉ። ደግሞ ፍጹም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን መንጋጋ በእርግጥም ከሁለት ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ግን ገጥሞ አንድ ይሆናል።

ዐብዱለጢፍና ተማሪዎቻቸው በአል-መቅስ ያዩት የአዋቂ መንጋጋ አንድ አጥንት ነበር። መገጣጠሚያ የለም፤ ስፌትም የለም። ሌላ አነሱ፤ ያው ነው። እዚህ ላይ ነው ሰውየው ከብዙ ጎበዝ አንባቢ የሚለዩት። አንድና ሁለት አይተው አልጮኹም፤ ከ2000 በላይ የራስ ቅል አዩ። ዓይናቸው እንዳታታልላቸው ብለው ሌሎች ሰዎችን አስመለከቱ፤ እሳቸው ባሉበትም፣ እሳቸው በሌሉበትም እንዲያዩ አደረጉ። አንድም ሰው ሁለት አጥንት አላገኘም። ይህም አላረካቸውም። በረሃቡ ከሞቱት ሌላ ድሮ በሞቱት ሰዎች ላይ ምን ይመስል እንደሆን ለማወቅ በቡሲር ወዳሉ ጥንታዊ መቃብሮች ሄደው አዩ። ዘመን የበላቸው አጥንቶች መገጣጠሚያቸው ሊላቀቅ ይገባ ነበርና፣ መንጋጋ ለሁለት የሚከፈል ቢሆን እዚያ ይታይ ነበር። እዚያም አንድ ነው።

ቀጥሎ ከወገብ በታች፣ ከዳሌ መካከል የተሰካውን አጥንትና የጭራውን አጥንት ተመለከቱ። ጋለን ከስድስት አጥንት የተሠራ ነው ይላል። ዐብዱለጢፍ መጀመሪያ ያዩት አንድ ወጥ ሆኖ አገኙት። ዘለው ጋለን እዚህም ተሳስቷል ሊሉ ይችሉ ነበር። ሌላ ሬሳ ላይ ሲያዩ ግን ስድስት ሆነ። ከዚያ በኋላም ያዩት ከሁለት በስተቀር እንደ ጋለን አባባል ነበር፤ የመገጣጠሚያዎቹ መያያዝ ግን በሁሉም ጽኑ ነው። ስለዚህ በመንጋጋው ጉዳይ ያህል በዚህ ጉዳይ እርግጠኛ እንዳልሆኑ በግልጽ ጻፉ። እኔ የሰውየውን ታላቅነት የማየው ከመንጋጋው ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ዝቅ አድርጎ የማየት ጠባይ ያለባቸው ሊቅ፣ ማስረጃው ግማሽ በሆነበት ቦታ ግማሽ ብቻ ተናገሩ። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፤ ያ አጥንት በልጅነት አምስት የተለያዩ የአከርካሪ አጥንቶች ሆኖ ይጀምርና ከጉርምስና ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ ቀስ እያለ ይገጥማል፤ የጭራው አጥንት ከሱ ጋር የሚገጥምበት ጊዜም ከሰው ሰው ይለያያል። በዚያ ጉብታ ላይ ወጣትም ሽማግሌም ተኝቶ ነበር።

ስለ ጋለን የተናገሩትም ብዙ ጊዜ ተጋኖ ይነገራል። አንዳንድ ወንድሞች ጋለንን አፈር አስጋጡት ብለው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እንዲህ አልሆነም። ዐብዱለጢፍ ጋለን በጥንቃቄው የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው እንደሆነ መሰከሩ፤ ቀጥለው ግን የስሜት ሕዋሳት ምስክርነት ከሱ የበለጠ እውነተኛ ነው አሉ። ጋለን የጻፈውን በሌላ መንገድ መተርጎም ይቻል እንደሆንም ፈልጉ ብለው ለአንባቢያቸው በሩን ክፍት ተዉለት። ለተማሪ የሚሆን አደብ ይህ ይመስለኛል፦ ሰውየውን ማክበር፣ አጥንቱን መመልከት።

የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ የጻፉት በሕክምና ኪታብ ላይ አለመሆኑ ነው። የሰፈረው ስለ ግብፅ ተክሎች፣ እንስሳት፣ ፒራሚዶችና ስለ ረሃቡ በጻፉት አል-ኢፋዳ ወል-ኢዕቲባር በተባለ አነስተኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከረሃቡ ታሪክ መሐል ነው። ሐኪም ለሕክምና የሚያነበው መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ በመድረሳውና በሆስፒታሉ የጋለን ሁለት አጥንት መነበቡን ቀጠለ። በአውሮፓ ቬሳልየስ መንጋጋው አንድ እንደሆነ በመጽሐፉ ያሳተመው በ1543 ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው። የዐብዱለጢፍ መጽሐፍ በበኩሉ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንድ እንግሊዛዊ የዐረብኛ ምሁር እጅ ወደ ኦክስፎርድ ሄደ፤ ዛሬም እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በራሳቸው እጅ እንደተጻፈ የሚታመነው ቅጂ ይገኛል። በ1810 ዴ ሳሲ ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሰው ዓለም ስለ መንጋጋው አነበበ፤ ያኔ ግን ነገሩ ለማንም አዲስ አልነበረም።

ከግብፅ ከወጡ በኋላ በቁድስ፣ በደማስቆና በሐለብ አስተማሩ፤ እስከ አናቶሊያ ድረስ ሄደው በዚያ ባለ አንድ አሚር ቤተ መንግሥት ዓመታት ቆዩ። ስለ ሕክምና፣ ስለ ሐዲስ፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ፍልስፍና የጻፏቸው ሥራዎች ዝርዝር ረጅም ነው፤ አብዛኛው ግን ጠፍቷል። በስተርጅናቸው ሐጅ ለማድረግ ነየቱ። መንገዳቸውን በባግዳድ በኩል አደረጉ፤ ከጻፏቸው መጻሕፍት ጥቂቱን ለኸሊፋው ለአል-ሙስተንሲር ሊያበረክቱ አስበው ነበር። ከተማዋን ከለቀቁ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እዚያው ታመሙ፤ በ629 ሂጅራ በሙሐረም ወር (1231 እ.ኤ.አ.) አረፉ። የተቀበሩት አል-ወርዲያ በተባለው መቃብር፣ ከአባታቸው ከዩሱፍ አጠገብ ነው።